የሆድ ሕመምና የሐሳብ ሕመም



በየለቅሶው ቤት የምንሰማው ነገር አለ። ሐዘንተኛዋ «ልቤ ተቃጠለ፣ ጨጓራዬ ተላጠ፣ ራሴን ይወጋኛል» ትላለች። ሐኪም ቤት ሄዳ «ምንም የለብሽም» ተብላ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱ ሕመሟን እንደ ማስመሰል ይቆጥርባታል። ይህ ልክ አለመሆኑን ግን ከታሪክ እንማራለን።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ምክንያቱ ላልታወቀ ሕመም ምች፣ መጋኛ፣ ቡዳ፣ ዛር እያሉ ስም ያወጡለት ነበር። ስም የሚያወጣው ታዲያ የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። ጆርጅ ቢርድ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1869 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ድካምን፣ ራስ ምታትንና እንቅልፍ ማጣትን በአንድነት «ኒውራስቴኒያ»፣ ማለትም የነርቭ መድከም ብሎ ጠራው። ስሙም ባሕር ተሻግሮ ቻይና ገባ። በ1980 አርተር ክላይንማን የተባለው ሐኪም በሁናን ግዛት ይኸው በሽታ አለባቸው የተባሉ 100 ሰዎችን ቢመረምር፣ 87ቱ ከባድ ድባቴ ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ የሚናገሩት ግን ስለ ራስ ምታታቸውና ስለ እንቅልፋቸው ነበር። የባህል አብዮቱ ገና ማለፉ ስለነበር የልብን ሐዘን አውጥቶ መናገር ያሳፍራል፣ ያስፈራልም። ስለዚህ አፍ ያልተናገረውን ሰውነት ተናገረው።

ነገሩን በሌላው ጎኑ ደግሞ እንየው። ብዙ ዘመን ሐኪሞች የጨጓራ ቁስል በዋናነት ከጭንቀት ይመጣል ይሉ ነበር። በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች ለብዙው ቁስል መነሻ የሆነውን ባክቴሪያ ለይተው አወጡ፤ በ2005ም የኖቤል ሽልማት አገኙበት። «ሐሳብ ነው፣ ይለፍሻል» ተብሎ የተመለሰ ስንቱ በሽተኛ በመድኃኒት ይድን ነበር!

እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ እንያዝ። ሐዘንተኛ ሆዴን ካለ አስቀድሞ በሐኪም ይታይ። ምንም ካልተገኘ ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለምና እንቅልፉንና ሐሳቡን እንጠይቀው። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄድም ነውር አይሁንብን፤ ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ።

እድራችን ድንኳን ይጥላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ይቀብራል። ሕመሙ የሚበረታው ግን ብዙ ጊዜ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ብቅል ከሚያወጣው ወዳጅ ጠይቆ ቢያወጣው ይሻላል እንላለን።