የትምህርት ቤት አማካሪ ሥራው ምንድን ነው?

“ወላጅ ይዘህ ና!” የሚለው ትዕዛዝ በትምህርት ቤቶቻችን የታወቀ ነው። ተማሪው ሲያረፍድ፣ ሲደባደብ፣ የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲቀር መፍትሔው ይኸው ነው። ወላጅ ይመጣል፣ ይቆጣል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ልጁ ለምን እንዳረፈደ ግን የሚጠይቅ የለም። ይህን ጠይቆ መልሱን በትዕግሥት መስማት የትምህርት ቤት አማካሪ ሥራ ነው። እኔም በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚሁ ሙያ ስለምሠራ፣ ብዙ ወላጆች ግራ ስለሚጋቡበት ስለዚህ አገልግሎት ጥቂት ልበል።

ሙያው የጀመረው ከሥራ መስክ ምርጫ ነው። ፍራንክ ፓርሰንስ የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1908 በቦስተን ከተማ ለወጣቶች ምክር የሚሰጥ ቢሮ ከፈቱ። ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክን ስታመጥቅ የተደናገጠችው አሜሪካ ደግሞ በዓመቱ ባወጣችው የትምህርት ሕግ ለአማካሪዎች ሥልጠና ገንዘብ መደበች። ዛሬ የአገሪቱ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪዎች አንድ አማካሪ እንዲኖር ይመክራል። እኔ ብቻዬን ከሁለት ሺህ በላይ ተማሪዎች አሉኝ!

በእኛ ዘንድ ትልቁ ችግር አማካሪውን ከዩኒት ሊደሩ አለመለየት ነው። አማካሪው የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አባል ይደረጋል፤ ጠዋት በር ላይ አርፋጅ ሲያስቆም የዋለ ሰው ከሰዓት በኋላ “ና፣ ችግርህን ንገረኝ” ቢል ማን ያምነዋል? ቀደም ሲል በሠራሁበት ትምህርት ቤት አንድ ኃላፊ ተማሪዎች የሚነግሩኝን በጽሑፍ እንዳቀርብላቸው ጠይቀውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ወሬው ከወጣ ከዚያ ወዲያ በሬን የሚያንኳኳ ተማሪ አይኖርም።

ምስጢር ጠባቂነት ግን ወሰን አለው። ተማሪው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ የሚችል ከሆነ፣ ወይም በቤቱ ጥቃት እየደረሰበት ከሆነ፣ ሊረዳ የሚችል ሰው እንዲያውቅ ይደረጋል። ይህንንም ገና ሲቀመጥ እነግረዋለሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ስለሚደነግግ፣ ተገርፌያለሁ ብሎ የሚመጣ ልጅም ዝም ተብሎ አይሸኝም።

ወደ ቢሮዬ የሚመጡት ልጆች “አበዱ” የተባሉ አይደሉም። “እኔን አማኑኤል ልትልከኝ ነው?” የሚለኝ አይጠፋም። አብዛኛው ጉዳይ ሌላ ነው። ማታ ሥራ ውሎ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፣ በወር አበባዋ ቀናት የምትቀር፣ ወላጆቹ ሲለያዩ ውጤቱ ያሽቆለቆለ፣ ተፈጥሮ ሳይንስ የገባው ጓደኛው ስለገባ ብቻ የሆነ አለ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ድንገት ዝም ያለው ነው። ረባሹን ሁሉም ያየዋል፤ ዝምተኛውን ግን “ጨዋ” ብለን እናልፈዋለን።

የ12ኛ ክፍል ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ውጤት በወጣ ሰሞን ልጁን ከፈተናው ይልቅ የሚያስፈራው ቤት የሚጠብቀው ፊት ነው። በዚያን ጊዜ ምክር ማለት ማጽናናት ብቻ አይደለም፤ ስለ ሪሚዲያል፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ፣ በግል ድጋሚ ስለ መፈተን ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ማስረዳት ነው። ልጁ ብቻውን እንዳይሆን ለቤተሰቡም አሳስባለሁ።

ወላጆች በመስከረም ልጃችሁን ስታስመዘግቡ የአማካሪው ቢሮ የት እንደሆነ ጠይቁ። አማካሪ ከሌለ የክፍሉን ኃላፊ መምህር ተዋወቁ፤ በወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ስብሰባም ለምን እንደሌለ አንሱ። ቢሮው ካለም በሩ የሚዘጋና ከዳይሬክተሩ መስኮት ፊት ለፊት ያልሆነ መሆኑን እዩ፤ ተማሪ ሰው እያየው አይገባምና።