ድንጋዩ እንጨት የሚመስልበት ምክንያት

ከላሊበላ በስተ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተጉዞ፣ በጽድ ዛፎች መካከል የሚያወጣውን አቀበት በእግሩ የጨረሰ መንገደኛ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ሰፊ ዋሻ ያገኛል። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የታነጸው እዚያ ውስጥ ነው። ብዙ ጎብኚ ላሊበላን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ያስቆጫል፤ የላሊበላን ጠራቢዎች ሐሳብ የሚገልጠው ይህ ሕንፃ ነውና።

ግድግዳው ከአለት አልተፈለፈለም፤ ተገንብቷል። በነጭ የተለሰነ ድንጋይ ይደረደርና በላዩ ወፍራም እንጨት ይጋደማል፤ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት እየሆነ እስከ ክዳኑ ይዘልቃል። መስኮቶቹን ቀረብ ብሎ ላየ፣ በመቃኑ ማዕዘኖች ላይ የእንጨት ጫፎች ወደ ውጭ ብቅ ብለዋል። እነዚህ የግድግዳውን ውፍረት ተሻግረው መቃኑን ከግንቡ ጋር የሚያስሩ አግዳሚዎች ናቸው። ውስጥ ደግሞ ጣሪያው በቅርጻ ቅርጽ ተሸልሟል፤ የግድግዳ ሥዕሎቹም በአገሪቱ ካሉት ጥንታውያን መካከል ይቆጠራሉ።

ያሳነጹት ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሡት፣ ንግሥናን ከክህነት ጋር እንደያዙ የሚነገርላቸው የዛጉዌው ንጉሥ ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ናቸው።

የግንባታው ዘዴ ግን ከእሳቸው ዘመን በእጅጉ ይቀድማል፤ የአክሱም ነው። ወንዶች ብቻ በገመድ በሚወጡበት በደብረ ዳሞ ገዳም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በረድፍ ብቅ ያሉት ክብ የእንጨት ጫፎች «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። አክሱም ከተማ ውስጥ እነዚያው ክቦች በሐውልቶቹ ላይ በድንጋይ ተቀርጸዋል። ከሮም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳግም የተተከለው 24 ሜትር ሐውልት ከሥሩ የድንጋይ በር፣ ከላዩም ደርብ በደርብ የድንጋይ መስኮቶች አሉት። አንዱም አይከፈትም። ሐውልቱ በእንጨትና በድንጋይ የተሠራ ፎቅ ቤት ምስል ነው።

ይህን የያዘ ሰው ወደ ላሊበላ ተመልሶ ቤተ አማኑኤል ከተባለው ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ፊት ይቁም። ግድግዳው አንዴ ገባ አንዴ ወጣ እያለ የእንጨትና የድንጋይ ረድፍ ይመስላል፤ የመስኮቶቹ ማዕዘኖችም እንደ ይምርሐነ ክርስቶስ ብቅ ብለዋል። እዚህ ግን ምንም የሚታሰር ነገር የለም፤ ሁሉም አንድ አለት ነው። ጠራቢው መዶሻውን ያነሣው በአእምሮው የእንጨት ቤት ይዞ ነው፤ እንዲህ ያለ ታማኝነት በእጅጉ ያስደንቃል።

አድናቆቱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላንም የዋሻውንም ቤተ ክርስቲያን አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ፣ ስለ ላሊበላ ከዚህ በላይ ቢጽፍ አንባቢ እንዳያምነው መስጋቱን ገልጿል።

ይምርሐነ ክርስቶስን እስከ ዛሬ የጠበቀው የዋሻው ጣሪያ ነው፤ ዝናብ ያልነካው እንጨት ዘመናትን ተሻግሯል። ቤተ አማኑኤል ግን ሰማይ ሥር ስላለ አለቱን ውሃ ሲበላው ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በብረት ምሰሶዎች የቆመ ጊዜያዊ መጠለያ ተሠርቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የላሊበላ ነዋሪዎች የመጠለያው ክብደት ያሰጋናል ብለው አደባባይ ወጡ፤ ቅርሱ ከማንም በፊት የእነርሱ ነውና ሊደመጡ ይገባል።