መናፍቅ

ስድብ ሆኖ ስለኖረ መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ግዕዙ «ናፈቀ» ተጠራጠረ፣ ልቡ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። «ንፍቅ» ግማሽ ነው፤ ንፍቀ ክበብ የምንለውም ከዚያው ነው። አማርኛ ግን ያንኑ «ናፈቀ» ለራቀ ሰው፣ ለቀረ ነገር አዋለው። መናፍቅና ናፍቆት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ወላይታ ሶዶ ላይ ቃሉ ብዙ ዞሯል። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ገብተው በ1937 በጣሊያን ሲባረሩ፣ የተጠመቁት አማኞች 48 ገደማ ነበሩ፤ ሲመለሱ ብዙ ሺህ ሆነው ጠበቋቸው። ያኔ መናፍቅ የሚባሉት እነዚህ ነበሩ። ዛሬ በዞኑ ብዙሃኑ ፕሮቴስታንት ነው፤ የድሮው ስድብ እንደ ድሮው አይሠራም። ስለዚህ አንድ ነቢይ ትዳሩንም ደመወዙንም፣ ከእናቱ ጋር መብላቱንም ከሚወስንበት ቡድን ለወጣ ሰው ሌላ ስም ይወጣለታል፦ «ከሽፋን የወጣ»፤ ከነቢዩ መንፈሳዊ ጥላ ማለታቸው ነው። (ሽፋን ሲባል ብርድ ልብስ የሚታየኝ እኔን ብቻ ይሆን?)

መጠራጠር ቀላል ነገር አይደለም፤ ነፍስ ሊያተርፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኬንያ ሻካሆላ ጫካ ውስጥ እስከ ሞት ጹሙ የተባሉ ሰዎች ከተቀበሩበት ከ400 በላይ አስከሬን ወጥቷል።

ከእንዲህ ያለ ቡድን የወጡት ሲናገሩ ሰሚው ቁጣ ይጠብቃል። ቁጣው አለ። ግን መዝሙሩም፣ የሌሊት ጸሎቱም፣ አብሮ መቁረሱም ይነሳል፤ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ለምን ወጣህ?» የሚል አይጠፋም። «ትናፍቃለህ?» ቢላቸው ይሻል ነበር፤ በግዕዙም በአማርኛውም «አዎ» ይሉት ይሆናል።