የአልጄሪያ የወይን እርሻ፤ ለአንድ ገዢ የተሠራ ሀብት

አንድ የኢንዱስትሪ ተቋም ሲታቀድ ከሁሉ አስቀድሞ መነሣት ያለበት ጥያቄ «ምርቱን ማን ይገዛዋል?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ የነጋዴው እንጂ የመሐንዲሱ አይደለም የሚል አስተሳሰብ በሙያችን ዘንድ ይዘወተራል። የአልጄሪያ የወይን እርሻ ታሪክ ግን አስተሳሰቡ አንድን አገር ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ያስረዳል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳይ አልጄሪያን የወረረችው በ1830 ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ አምሳ ዓመታት ወይን እዚያ ይህን ያህል ስፍራ አልነበረውም። ነገሩን የለወጠው የፈረንሳይ የራስዋ መከራ ነው። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ፊሎክሴራ የተባለ፣ ከአሜሪካ የመጣ ጥቃቅን ተባይ የተክሉን ሥር እየመጠጠ የፈረንሳይን የወይን እርሻ አጠፋ። ከኪሳራ ያመለጡ አያሌ ገበሬዎችም ባሕር ተሻገሩ። መሬቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር፤ የ1873ቱ ሕግ የጋራ ርስት ተከፋፍሎ በግል እንዲሸጥ በር ከፍቶ ነበርና። በ1880 ከ25 ሺህ ሄክታር የማያልፈው የወይን እርሻ በ1930ዎቹ አጋማሽ ወደ 400 ሺህ ሄክታር ደረሰ። የ1934 ምርት 22 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር ያህል ነበር።

ይህ ሁሉ ያለ ምሕንድስና ባልተቻለም ነበር። የወይን ጭማቂ ሲብላላ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። በአልጄሪያ ደግሞ ፍሬው የሚለቀመው በነሐሴና በመስከረም ሐሩር ስለሆነ፣ የጭማቂው ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ እርሾው ይሞታል፤ ስኳሩ ሳያልቅ ይቀርና ወይን ጠጁ ይበላሻል። ስለዚህ ከ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ጭማቂውን ቀዝቃዛ ውሃ በሚፈስባቸው ቱቦዎች እያሳለፉ ማቀዝቀዝ ተለመደ። ታላላቅ የሲሚንቶ ጋኖች ተሠሩ፤ ወደቦችም ወይን ጠጅ እንደ ዘይት በጋን ለሚጭኑ መርከቦች ተመቻቹ።

ጠንካራና ደማቅ የሆነው ይህ ወይን ጠጅ በአመዛኙ የሚጠጣው በስሙ አልነበረም። ወደ ፈረንሳይ ተልኮ የደቡቡን ቀጭን ወይን ጠጅ ማጠንከሪያ ይሆን ነበር። ግንዱን የሚገርዘውና ፍሬውን የሚለቅመው አልጄሪያዊ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ትርፉ ግን የሌላ ነበር። የስታዌሊ ሜዳ ምስክር ይሁነን። ፈረንሳዮች በሰኔ 1830 ድል ባደረጉበት በዚህ ሜዳ ላይ በ1843 የትራፒስት መነኮሳት ገዳም መሠረቱ፤ በ1904 መነኮሳቱ ሲወጡ መሬቱ በቦርጆ ቤተሰብ እጅ ገብቶ ከአገሪቱ ታላላቅ የወይን ርስቶች አንዱ ሆነ፤ ከነጻነት በኋላም በ1963 ተወረሰ።

በ1960 አልጄሪያ ከዓለም አገሮች ሁሉ አብልጣ ወይን ጠጅ ወደ ውጭ የምትሸጥ አገር ነበረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ነጻነት ሲታወጅ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ አውሮፓውያን አገሩን ለቀቁ። ሠራተኞቹ የተተዉትን እርሻዎች ተረከቡ፤ የመጋቢት 1963 ድንጋጌዎችም ይህን አጸደቁ። መሬቱ ተመለሰ፤ ገዢው ግን አልተመለሰም። ሕዝቡ እስላም በመሆኑ የአገር ውስጥ ገበያ አልነበረም። ፈረንሳይ ግዢዋን በየጊዜው ቀነሰች፤ በ1970 የአውሮፓ የጋራ ገበያ የውጭ ወይን ጠጅ ከራሱ ጋር እንዳይደባለቅ ከለከለ። ሶቭየት ኅብረት ብትገዛም በዝቅተኛ ዋጋ ነበር። ስለዚህ በ1970ዎቹ ብዙው ወይን ተነቀለ።

መንቀሉም ቀላል አልነበረም። ወይን ዓመቱን ሙሉ እጅ ይፈልጋል፤ በምትኩ የሚዘራው ስንዴ ግን ለጥቂቶች ብቻ ሥራ ይሰጣል። ጋኖቹና ማቀዝቀዣዎቹም ለሌላ አገልግሎት አይመቹም ነበር። የቴክኒኩ ሥራ እንከን አልነበረበትም፤ ጉድለቱ ሁሉም ነገር ለአንድ ገዢ ብቻ ተለክቶ መሠራቱ ነበር። እኛም ዛሬ የፋብሪካ ወይም የመስኖ ንድፍ ስናወጣ፣ ገዢው ፊቱን ቢያዞር ሥራው ለምን ይውላል የሚለውን ከሲሚንቶና ከብረቱ ስሌት ጋር አብረን ልናሰላው ይገባል።