የ72ኛው ቦታ ታሪክ

ኬሚስትሪ ሳስተምር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ስለ ኤሌክትሮኖች አደረጃጀት ባስተማርኩ ቁጥር የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። ሰሌዳው ላይ «ሦስተኛው እርከን እስከ 18 ኤሌክትሮን ይይዛል» ብዬ እጽፍና ዝቅ ብዬ ፖታሲየምን 2፣ 8፣ 8፣ 1 ብዬ እደረድራለሁ። ያኔ ከኋላ ወንበር እጅ ይወጣል፦ «ቲቸር፣ ሦስተኛው ሳይሞላ አራተኛው እንዴት ተጀመረ?»

ይህን ለጠየቀ ልጅ ሕጉን ብቻ አስሸምድዶ ማለፍ ግፍ ይመስለኛል። ስለዚህ የ72ኛውን ቦታ ታሪክ እነግረዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1913 ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል ወጣት ማንቸስተር ውስጥ ከየንጥረ ነገሩ የሚወጣውን ኤክስሬይ ይለካ ነበር። ልኬቱ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በሰልፉ ላይ የራሱ ቁጥር እንዳለው አሳየ፤ ባለቤት ያልተገኘላቸውን ቁጥሮችም ገለጠ። ሞዝሊ በ1915 ጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ላይ በ27 ዓመቱ ሞተ። 72ኛው ቦታ ገና ክፍት ነበር።

ብዙዎች የጎደለውን ይፈልጉ የነበረው ከብርቅዬ ብረቶች መካከል ነው። እነዚህ ብረቶች ጠባያቸው እንደ መንትያ ስለሚመሳሰል አንዱን ከሌላው መለየት እጅግ አድካሚ ነበር። ዴንማርካዊው ኒልስ ቦር ግን የመመሳሰላቸውን ምክንያት አገኘ። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ የሚጨመረው ኤሌክትሮን ደጅ አይቀርም፤ ወደ ጓዳው፣ ወደ አራተኛው እርከን ይገባል። አንድ አቶም ከሌላው ጋር የሚገናኘው በደጁ ስለሆነ፣ ጓዳው ቢሞላም ጠባዩ ብዙም አይለወጥም።

71ኛው ላይ ሲደረስ አራተኛው እርከን 32 ሆኖ ይሞላል። ቀጣዩ እንግዳ የግድ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ 72ኛው የብርቅዬ ብረቶች ወገን ሳይሆን የዚርኮኒየም ዘመድ መሆን አለበት አለ ቦር። ዛሬ ሁለቱን አንዱን ከአንዱ በታች እጽፋቸዋለሁ፦

2፣ 8፣ 18፣ 10፣ 2
2፣ 8፣ 18፣ 32፣ 10፣ 2

ተማሪዎቼ መጨረሻ ላይ ባለው «10፣ 2» ስር እንዲያሰምሩ አደርጋለሁ።

በ1922 ዲርክ ኮስተርና ጆርጅ ደ ሄቬሲ ኮፐንሃገን በሚገኘው የቦር ተቋም የዚርኮኒየም ማዕድን በኤክስሬይ መረመሩ። የ72ኛው ንጥረ ነገር የኤክስሬይ መስመሮች እዚያው ታዩ። የኖቤል ሽልማቱን ለመቀበል ስቶክሆልም የነበረው ቦር፣ ታኅሣሥ ወር ውስጥ በሽልማት ንግግሩ ማብቂያ ላይ ግኝቱን ይፋ አደረገ። ብረቱም በኮፐንሃገን የላቲን ስም በሃፍኒያ ሃፍኒየም ተባለ። ዚርኮኒየም ከ1789 ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ከ130 ዓመት በላይ ኬሚስቶች ሳያውቁት ሃፍኒየምንም አብረው ሲይዙ ኖረዋል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ፖታሲየም እንመለሳለን። 19ኛው ኤሌክትሮን አራተኛው እርከን ላይ የሚቀመጠው በዚያ አቶም ውስጥ ዝቅተኛውን ኃይል የሚያገኘው እዚያ ስለሆነ ነው። ከስካንዲየም ጀምሮ ደግሞ ጓዳው፣ እዚህ ሦስተኛው እርከን፣ ቀስ በቀስ ይሞላል፤ ዚንክ ላይ 2፣ 8፣ 18፣ 2 ይሆናል። ጠመኔውን ለጠያቂው ልጅ እሰጠውና ከፖታሲየም እስከ ዚንክ ያለውን እሱ ራሱ ይደረድራል።