መወርወሪያ አልባ ሽመና፦ ማግን የማሻገሪያ ስልቶች

መወርወሪያ አልባ የሚባለው የሽመና ማሽን ማጉን በድሩ መካከል የሚያሻግረው ቀሰም በያዘ መወርወሪያ አይደለም። ክሩ ከማሽኑ ጎን ከቆመ ትልቅ ኮን ይመዘዛል፤ በልክ ይቆረጣል፤ ሁልጊዜም ከአንድ ወገን ብቻ ይገባል። ተሸካሚው ትንሽ ብረት፣ ዘንግ፣ አየር ወይም ውኃ ሊሆን ይችላል። ማሽኖቹ የሚለዩትም ስማቸውን የሚያገኙትም በዚሁ ተሸካሚ ነው።

ችግሩ የተነሣው ከመወርወሪያው ክብደት ነው። በወላይታና በጋሞ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ መርገጫ የሚረግጥ ሸማኔ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ሰድዶ በሌላው ይቀበላል። ስለዚህ የሸማው ስፋት ከክንዱ ርዝመት አያልፍም፤ ጋቢና ነጠላ ጎን ለጎን ተሰፍተው ስፋት የሚያገኙትም በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1733 መወርወሪያውን በገመድ እየተጎተተ የሚበር አድርጎ ስፋቱን ፈታው፤ የሞተር ማሽን ሲመጣ ግን ፍጥነቱ አስቸገረ። የፋብሪካ መወርወሪያ ከነቀሰሙ ግማሽ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ሺህ ሜትሩ 20 ግራም የሚመዝን የጥጥ ክር ደግሞ በ1.5 ሜትር ስፋት ላይ አንድ ጊዜ ሲዘረጋ ክብደቱ 0.03 ግራም ብቻ ነው። ከጭነቱ ከ10,000 እጥፍ በላይ የሚከብድ ተሸካሚ በየደቂቃው 200 ጊዜ ያህል ተተኩሶ ይቆማል፤ ጉልበቱ በሙሉ ወደ ጩኸት፣ ወደ ንዝረትና ወደ ሙቀት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካም፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሳ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ባለ መወርወሪያው ማሽን በዓለም ገዢ በነበረበት ዘመን የተተከሉ ናቸው።

በፋብሪካ ደረጃ ቀድሞ የተሳካው መፍትሔ ፕሮጀክታይል ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሮስማን በ1920ዎቹ አሰበው፤ የስዊዘርላንዱ ሱልዘር ኩባንያ ለዓመታት ሲሞክረው ቆይቶ በ1950ዎቹ ለገበያ አቀረበው። ተሸካሚው 9 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 40 ግራም ያህል ክብደት ያለው ብረት ሲሆን በውስጡ የክሩን ጫፍ የሚነክስ መቆንጠጫ አለው። አስቀድሞ የተጠመዘዘ የብረት ዘንግ ሲለቀቅ ይተኩሰዋል፤ በወዲያኛው ጫፍ ፍሬን ይይዘዋል፤ ከድሩ ሥር በሰንሰለት ተጉዞ ወደ መነሻው ይመለሳል። በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ፕሮጀክታይሎች ተራ እየጠበቁ ይሠራሉ። ከ5 ሜትር በላይ የሚሰፋ ጨርቅ መሸመን መቻሉ ትልቁ ብልጫው ነው።

ራፒየር ግን ክሩን አይወረውርም፤ ይዞት ይሄዳል። በተለመደው ዓይነት ከግራና ከቀኝ ሁለት ዘንጎች ወይም ተጣጣፊ ጥብጣቦች ይገባሉ። ሰጪው የማጉን ጫፍ እስከ መሀል ያደርሳል፤ ተቀባዩ እዚያው ነክሶ ወደ ራሱ ወገን ይስባል። በ1920ዎቹ የወጣው የጋብለር ስልት ክሩን በቀለበት መልክ ያስረክብ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጣው የፈረንሳዊው ደዋ ስልት ጫፉን ብቻ ያስረክባል፤ የዛሬዎቹ ማሽኖች አብዛኛዎቹ የደዋን መንገድ ይከተላሉ። ርክክቡ በሚፈጸምበት ቅጽበት ዘንጎቹ ለአፍታ መቆም አለባቸው። ፍጥነቱን የሚገድበው ይህ ነው፤ ለክሩ የሚራራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወፍራም፣ ቀጭን፣ ሻካራ ወይም ወጣ ገባ ክር ቢሰጡት አይመርጥም። በተጨማሪም በየውርወራው ከ8 ወይም ከዚያ ከሚበልጡ ቀለሞች አንዱን ማንሣት ይችላል። ለኢትዮጵያ ባለቀለም ጨርቅ ከሁሉም የሚቀርበው ስልት ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

ኤር ጄት ጠጣር ተሸካሚ የለውም። ዋናው አፈሙዝ የታመቀ አየር ሲተፋ ክሩ አብሮ ይነጉዳል። የስዊድኑ ማክስ ፓቦ በ1950ዎቹ ያወጣው ማክስቦ በዚህ መንገድ የሠራው ጠባብ ጨርቅ ነበር፤ አየሩ ሩቅ ሳይሄድ ይበተናልና። ኋላ በመንገዱ ላይ በተራ የሚነፉ ረዳት አፈሙዞች ተጨመሩ፤ ማጉን የሚመታው ሪድም አየሩን የሚያቅፍ ቦይ ተሠራለት። ዛሬ በደቂቃ ከ1,000 ውርወራ በላይ ያልፋል። ዋጋው ግን መብራት ነው። አየር የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ሽመናው እስካለ ድረስ አያርፍም፤ ኃይል በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። የእንዝርት ፈትልማ ለዚህ ማሽን አይሆንም፤ ቀጭኑ ቦታ ይበጠሳል፣ ወፍራሙ ይዘገያል።

ውኃ የሚጠቀመውን ዋተር ጄት ያስተዋወቀው ቼኮዝሎቫኪያዊው ቭላዲሚር ስቫቲ ነው። ውኃ ለማይጠጡት ለፖሊስተርና ለናይሎን ይስማማል። ጥጥ ውኃውን ስለሚመጥና የድሩም ማጠንከሪያ ስታርች ስለሚታጠብ የጥጥ ሽመና አይጠቀምበትም።

ለሁሉም የጋራ የሆነ ጉድለት ጠርዝ ላይ ይታያል። መወርወሪያ ማጉን ሳይቆርጥ ስለሚመላለስ ጠርዙ ራሱን ይዘጋል። መወርወሪያ አልባው ማሽን እያንዳንዱን ማግ ስለሚቆርጥ ጫፎቹ ክፍት ይቀራሉ፤ ስለዚህ በተጨማሪ ክሮች ይቆላለፋሉ ወይም ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ብዙ ጊዜ ከዳር የሚቆረጠው ብጫቂ ንጹሕ ኪሳራ ነው።

በመስከረም በወላይታ የጊፋታ በዓል በሶዶም በበዴሳም የሚለበሰው ዱንጉዛ፣ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለሞቹ የሚታወቀው፣ የእነዚህን ማሽኖች አቅምና ወሰን ለማሳየት ጥሩ ምሳሌ ነው። መስመሩ በድሩ ርዝመት ሲሄድ ቀለሙ አስቀድሞ ከድሩ ጋር ስለሚደራ የትኛውም ማሽን ይሠራዋል። ቀለሙ በማግ በኩል ሲቀያየር መራጭ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ራፒየር ይቀድማል። በሸማ ጠርዝ ላይ እንደሚታየው ጥለት ባለቀለሙ ክር በጣት ገብቶ ከቅርጹ ሳይወጣ የሚመለስ ከሆነ ግን ከአራቱ ስልቶች አንዱም አይከተለውም፤ ሁሉም ማጉን ከዳር እስከ ዳር ማድረስ አለባቸው፣ መሀል ላይ የሚዞር የለም። ፋብሪካ ይህን መልክ ሲፈልግ ወይ ትርፉን ክር በጀርባ አንሳፍፎ ይቆርጠዋል ወይ ቅርጹን በቀለም ያትመዋል። (የጥልፍ ማሽን ከሽመና በኋላ በመርፌ የሚሠራ ሌላ ነገር ነው።) ገበያ ላይ ለመለየት ጨርቁን መገልበጥ ይበቃል፦ የእጅ ጥለት ክሩ በቅርጹ ዳር ሲዞር ይታያል፤ የማሽኑ የተከረከመ ጫፍ ያሳያል፤ የታተመው ጀርባው ይገረጣል።