ስህተት በርካሽ

የእጅ ሙያ ለብዙ ዘመን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከባለሙያ ወደ ረዳቱ የተላለፈው ሥራው ላይ እንዳሉ ነው። የአንጥረኛ ልጅ ወናፍ እየነፋ ያያል፤ መዶሻ የሚጨብጠው ዓይኑ ከጠገበ በኋላ ነው። ትምህርቱ ጥልቅ ነበር። ግን የሚበላሸው ብረት የደንበኛ ብረት ስለሆነ፣ ጀማሪውን እንደ ልቡ እንዲሳሳት የሚፈቅድለት አልነበረም። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ትልልቆቹ ለውጦች የመጡት ይህችኑ ፈቃድ ፍለጋ ይመስለኛል።

የሞስኮው ኢምፔሪያል ቴክኒክ ትምህርት ቤት ኃላፊ ቪክቶር ዴላ ቮስ እ.ኤ.አ. በ1868 መለማመጃ ወርክሾፑን ከማምረቻው ለየ። ተማሪው ለገበያ የማይውል ቁራጭ ብረት ሞርሳ ላይ አስሮ፣ ከቀላል ወደ ከባድ በተደረደሩ ልምምዶች ሞረድ አያያዝ ይማራል፤ ወደ ማምረቻው የሚሻገረው ከዚያ ወዲያ ነው። ሥራው በ1876ቱ የፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ሲታይ የኤምአይቲው ፕሬዚዳንት ጆን ራንክል ተማርኮ ዘዴውን በአሜሪካ አስፋፋው።

ቁራጭ ብረት ቢበላሽ ይጣላል። አውሮፕላንስ? መልሱ የመጣው ካልተጠበቀ ቤት ነው። ኤድዊን ሊንክ የኦርጋንና የፒያኖ ሠሪ ልጅ ነበር፤ በኒውዮርክ ግዛት፣ ቢንግሃምተን ከተማ፣ በአባቱ ፋብሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1929 አንድ አውሮፕላን መሰል ሣጥን ሠርቶ ጨረሰ። ሣጥኑ በኦርጋን ወናፍ እየተነፋ ያዘነብላል፣ ይዞራል። (ከአንጥረኛው ቤት ወናፍ ጋር እንደገና መገናኘታችን ነው።) መጀመሪያ የገዙት መዝናኛ ፓርኮች ነበሩ፤ ጦሩ ከጨዋታ አሳልፎ አልቆጠረውም። በ1934 መጀመሪያ ላይ ግን የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች ፖስታ እንዲያመላልሱ ታዘዙ፤ በመሣሪያ ብቻ መብረር ስላልለመዱ በጭጋግና በበረዶ ከአሥር በላይ ሞቱ። በዚያው ዓመት ጦሩ ስድስት ሣጥኖችን እያንዳንዳቸውን በ3,500 ዶላር ገዛ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ግማሽ ሚሊዮን ያህል አየርተኞች ሠልጥነውባቸው ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ያለችው ነገር ናት። ተማሪው ክዳን ተዘግቶበት በጨለማ ሲበር፣ «ሸርጣን» የሚሏት ባለ ሦስት ጎማ መሣሪያ ካርታው ላይ እየተንቀሳቀሰች መንገዱን በቀለም ታሰምራለች። ክዳኑ ሲከፈት ስህተቱ ወረቀት ላይ ተሰምሮ ይጠብቀዋል፤ የት እንደ ሳተ፣ በስንት እንደ ሳተ ከአስተማሪው ጋር ያዩታል። ዛሬ ሲሙሌሽን ሶፍትዌር የሚባለው ሁሉ፣ በ1973 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ከወጣው የኤሌክትሪክ ሰርኪት ማስመሰያ ስፓይስ ጀምሮ፣ ያለዚህች መስመር ከጨዋታ አያልፍም።

ሌላው ለውጥ ከኬሚስትሪ ክፍል መጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 በኮሎራዶ፣ ውድላንድ ፓርክ፣ መምህራኑ ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ ለቀሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በቪዲዮ መቅረጽ ጀመሩ። በኋላ ነገሩን ገለበጡት፦ ገለጻው ወደ ቤት ሄደ፣ ሥራው ወደ ክፍል መጣ። ለሙያ ትምህርት ቤት የዚህ ትልቁ ጥቅም የማሽን ሰዓት ነው። ቶርኖው አንድ ሆኖ ሠልጣኙ ሠላሳ ሲሆን፣ አሠልጣኙ በጠመኔ የማሽኑን ክፍሎች ሲስል የሚያልፈው ሰዓት ውድ ነው።

በእኛ አገር 70 በመቶው ሥልጠና ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሁን ሲባል ቆይቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን አዲስ አበባ ላይ በሲሙሌተር ያሠለጥናል፤ ተግባር ማሠልጠን የሚቸግረው ማሽኑም የብየዳ ኤሌክትሮዱም በሚያጥርበት ኮሌጅ ነው። እዚያ የሲሙሌሽን ሶፍትዌሩ ማሽኑን ተክቶ ከገባ የሚያስከፍለው ነገር አለ። ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ሲጣበቅ እጅ ላይ የሚሰማውን ጉተታ፣ የኤሌክትሪክ ቅስቱ ሲረዝም የሚለወጠውን ድምፅ ስክሪን ላይ ማንም በያጅ አልተማረውም። ከማሽኑ በፊት ከገባ ግን ያቺ ውድ ሰዓት በትክክል ትውላለች። ገለጻውም ወደ ቤት እንዲሄድ፣ ዳታ መግዛት የማይችለውን ሠልጣኝ ዩቲዩብ ላይ እይ ብሎ መስደድ አይሠራም፤ ቪዲዮው በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎች ተቀድቶ፣ በፍላሽ ወይም በሜሞሪ ካርድ ተገልብጦ፣ ከመመዝገቢያው ቀን ጀምሮ እጁ ላይ ሊደርስ ይገባል።